የሙዚቃ መሣሪያ ሳጥን ገበር ሲላቀቅ፦ ዳግም እንዳይወርድ አድርጎ መጠገን

የድሮ ቫዮሊን ወይም ክላርኔት ሳጥን ትከፍታላችሁ። የክዳኑ ጨርቅ ሆዱን ነፍቶ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ሙጫ ትገዛላችሁ፣ ትቀባላችሁ፣ ጫን ጫን ታደርጉታላችሁ። ያን ቀን ያምራል። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ ይወርዳል። ከዚያ ሁለተኛ ሙጫ በመጀመሪያው ላይ ይደረባል፤ ጨርቁ እንደ ካርቶን ይደርቃል፣ ነጭ ነጠብጣብም ያወጣል።

እኔም የመጀመሪያውን ሳጥኔን ሁለት ጊዜ አጣብቄ ሁለት ጊዜ ወርዶብኛል። ሙጫው ደካማ ሆኖ አልነበረም። ጨርቁን ያጣበቅሁት ከእንጨቱ ጋር ሳይሆን እንጨቱ ላይ ከቀረው የድሮ ሙጫ ዱቄት ጋር ነበር። ዱቄቱ ሲረግፍ አዲሱም ሙጫ አብሮ ይረግፋል። ለዚህ ነው እዚህ ረጅሙ ክፍል ስለ ማጽዳት የሆነው። እባካችሁ እሱን አትዝለሉት።

የእጅ ሥራው ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው። መድረቁና መናፈሱ ግን ከ4 እስከ 8 ቀን ይፈልጋል። ነገ መሣሪያውን ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ዛሬ አትጀምሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ነጭ የእንጨት ኮላ (ሲደርቅ ግልጽ የሚሆነውን ምረጡ)
- ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ብሩሽ፣ ለጠባብ ቦታ ደግሞ ትንሽ የሥዕል ብሩሽ
- ደነዝ ቢላ ወይም ስስ ስፓቱላ
- ቁጥር 120 የብርጭቆ ወረቀት
- የአቧራ መሳቢያ ማሽን፣ ለአፉ መሸፈኛ የሚሆን ስስ ስቶኪንግ
- ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር
- ነጭ ጨርቅ፣ ጥጥ፣ ፎጣ፣ ስስ ፕላስቲክ
- ትልቅና ትንሽ ስሪንጅ
- የልብስ መቆንጠጫዎችና የካርቶን ቁርጥራጮች
- ለመጫኛ መጻሕፍት፣ በትንንሽ ፕላስቲክ ከረጢት የታሰረ ደረቅ አሸዋ ወይም ሩዝ
- ጓንትና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ

ደረጃ 1፦ ሳጥኑን ባዶ አድርጉ

1. መሣሪያውን አውጡና ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀምጡት። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ማስጠጋት አይበቃም። ቫዮሊንና የድሮ ጊታር የተቀቡበት ቫርኒሽ በአልኮልና በማሟሟያ ትነት ይጎዳል።
2. ደጋኑን፣ መለዋወጫውን፣ የትንሿን ዕቃ ማስቀመጫ ክዳን ሁሉ አውጡ።
3. ሳጥኑን ከላይ፣ ከጎን፣ ማዕዘን ማዕዘኑን ፎቶ አንሡ። የሚነቀል ቁራጭ ካለ በወረቀት ፕላስተር ቁጥር ለጥፉበት። በሌላ ወረቀት ፕላስተር ላይ ደግሞ የጨርቁ ጸጉር የሚተኛበትን አቅጣጫ በቀስት አመልክቱ። ከፋይ (ጸጉራም ጨርቅ) ተገልብጦ ከተለጠፈ በአንድ ብርሃን ሁለት ቀለም መስሎ ይታያል፤ ከዚያ ማስተካከያ የለውም።

በዚህ ጊዜ ውስጡን በደንብ ተመልከቱ። በደጋኑ ላይ ያለምክንያት የተበጠሱ የጭራ ክሮች፣ ጥግ ላይ ደቃቅ ቅርፊት ወይም ትንንሽ ትል ካያችሁ የብል ወይም የመሰሉት ነፍሳት እጭ ገብቷል ማለት ነው። ሱፍና ጭራ ይበላሉ። መጀመሪያ እነሱን አስወግዱ፦ ስንጥቁን ሁሉ በማሽን ሳቡ፣ ሳጥኑን ክፍት አድርጋችሁ ብርሃን ላይ አቆዩት። የተነቀሉትን የሱፍ ቁርጥራጮች በፕላስቲክ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለ2 ሳምንት አኑሩ።

ሻጋታ ከሸተታችሁ ደግሞ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ውጭ አውጡትና በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። ቤት ውስጥ አታራግፉት።

ደረጃ 2፦ የተላቀቀው የት ድረስ እንደሆነ እወቁ

ጨርቁን በጣታችሁ ጫፍ መታ መታ አድርጉት። የተጣበቀው ደረቅና ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል። የተላቀቀው ልል ድምፅ አለው፤ ከስሩም የሚንኮሻኮሽ ነገር ትሰማላችሁ። ድንበሩን በወረቀት ፕላስተር ክበቡት።

ጠንክሮ የተጣበቀውን አትንቀሉ። ይህን ደግሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው "ሁሉንም አንሥቼ በአዲስ ልሥራው" ይልና የተበላ ጨርቅ እጁ ላይ ይቀደድበታል። የቆየ ከፋይ ከላይ ደህና መስሎ ክሩ ውስጥ ለውስጥ ያረጀ ሊሆን ይችላል።

ሳጥኑ ራሱ ዋጋ ያለው ቅርስ ከሆነ፣ ለምሳሌ የመሣሪያው ሠሪ ማኅተም ገበሩ ላይ ካለ፣ እዚህ ቁሙና ለባለሙያ ስጡት።

አሁን ጨርቁን ከማይታይ ጎን፣ ብዙ ጊዜ ከማጠፊያው በኩል፣ በደነዝ ቢላ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ጠርዙን የሸፈነ ጥብጣብ ካለ መጀመሪያ እሱን አንሡ። ከስር ከሦስቱ አንዱን ታገኛላችሁ፦

- ቡናማ፣ እንደ መስታወት የሚሰበር ቅርፊት። ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ የድሮ ሙጫ ነው። ሲያረጅ ይደርቅና ይፈረካከሳል።
- የሚጣበቅ ብናኝ ወይም የላመ ስፖንጅ። ስፖንጁ በዕድሜ ፈርሷል።
- የተላጠ ወረቀት ወይም ካርቶን። ሙጫው ደህና ነው፤ የተሰነጠቀው ከስሩ ያለው ወረቀት ነው።

የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

ደረጃ 3፦ ማጽዳት

ለዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት መድቡ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ።

*ቡናማ ቅርፊት ከሆነ፦*

1. ስፓቱላውን አጋድማችሁ ከእንጨቱ ላይ ፋቁት። ደረቅ ስለሆነ በቀላሉ ይነሣል። እንቢ ያለውን አትታገሉት፤ ጠንክሮ የያዘ ሙጫ አይጎዳም።
2. በብርጭቆ ወረቀቱ ለስለስ አድርጋችሁ አሹት። ዓላማው እንጨቱን መብላት ሳይሆን የሚያብረቀርቀውን ገጽ ማደብዘዝ ነው።
3. የጨርቁን ጀርባም አትርሱ። ግማሹ ቅርፊት እዚያ ነው ያለው። ጨርቁን በጣቶቻችሁ መሃል ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አጠፍ ዘርጋ ስታደርጉት ቅርፊቱ ራሱ ይረግፋል። በብርጭቆ ወረቀት አትንኩት።
4. የማሽኑን አፍ በስቶኪንግ ሸፍናችሁ ብናኙን ሳቡ። ስቶኪንጉ የተላቀቀ ጥብጣብና ክር ተስቦ እንዳይገባ ይከላከላል።
5. እንጨቱን በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ጥረጉና ለአንድ ሰዓት አድርቁት።

*የላመ ስፖንጅ ከሆነ፦* ሙሉውን አውጡ። ግማሹ ደህና ቢመስልም በቅርቡ ይከተላል። ከማውጣታችሁ በፊት ግን ውፍረቱን ካልፈረሰ ቦታ ለክታችሁ ጻፉ፤ አዲሱ ስፖንጅ ከዚያ መወፈር የለበትም። ጨርቁ ጀርባ ላይ የቀረውን ተጣባቂ ነገር በደነዝ ቢላ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። ቤንዚንም ሆነ የቀለም ማሟሟያ አትጠቀሙ። የጨርቁን ቀለም ወደ ፊት ለፊቱ ያወጣዋል፣ ሽታውም ወራት ይቆያል።

*የተላጠ ወረቀት ከሆነ፦* የተነሣውን ቅርፊት ብቻ አስወግዱ። ከዚያ ነጩን ኮላ ከውኃ ጋር እኩል በእኩል በጥብጣችሁ በስሱ ቀቡትና 24 ሰዓት አቆዩት። ወረቀቱን ጠጥቶ ያጠነክረዋል።

የማለፊያ ፈተና። የወረቀት ፕላስተር ቁራጭ ባጸዳችሁት ቦታ ላይ በአውራ ጣት ጨቁናችሁ ለጥፉ፣ ከዚያ ንቀሉት። ጀርባውን እዩት። ዱቄት ይዞ ከመጣ ገና ነው፤ እንደገና አጽዱ። ንጹሕ ሆኖ ሲመጣ ብቻ ሙጫ ክፈቱ። በሦስት የተለያየ ቦታ ሞክሩት፣ በተለይ ጥግ ላይ።

ደረጃ 4፦ ሙጫውን ምረጡ፣ ሞክሩ

ለአብዛኛው ሥራ ነጩ የእንጨት ኮላ ይበቃል። ሽታው ቀላል ነው፣ ጨርቁን ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል፣ ሳይደርቅ በውኃ ይጠረጋል።

ማስቲሽ ጠንካራ ነው፤ ጫማ ሠሪዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። ግን ሁለቱን ጎን ቀብታችሁ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቃችሁ ካገናኛችሁት በኋላ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይንቀሳቀስም። ሽታውም ከባድ ነው። ኮላ የማይዘው ፕላስቲክ ወይም ብረት ላይ ካልሆነ አልመክረውም፤ ከተጠቀማችሁም መስኮት ከፍታችሁ፣ ከእሳት ርቃችሁ።

የሚከተሉትን ተዉአቸው፦

- ሱፐር ግሉ። ጨርቁን እንደ ድንጋይ ያደርቀዋል። ጥጥ ሲነካ ደግሞ በቅጽበት ስለሚግል ጣት ሊያቃጥል ይችላል።
- የሚቀልጥ የዘንግ ሙጫ። ከስር ጉብታ ይሠራል። ሙቀት ሲያገኘው፣ ለምሳሌ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ፣ ተመልሶ ይለሰልሳል።
- የሚረጭ ሙጫ። ስስ ከፋይን ዘልቆ ፊቱ ላይ ይወጣል፤ መረጨት የሌለበትንም ቦታ ያዳርሳል።

አሁን ሁለት ሙከራ አድርጉ። መጀመሪያ ነጭ ጥጥ በውኃ አርጥባችሁ በማይታይ ጥግ ላይ ጨርቁን ለግማሽ ደቂቃ ተጫኑት። ጥጡ ቀለም ከያዘ ጨርቁ ይለቃል፤ ሙጫውን በጣም ስስ አድርጉ፣ ውኃ አትጨምሩበት። ቀጥሎ በዚያው ጥግ በትንሹ ቀብታችሁ ለጥፉና ፊቱን እዩ። እርጥበት ዘልቆ ከታየ የቀባችሁት በዝቷል።

ደረጃ 5፦ በደረቁ ተለማመዱ

ያለ ሙጫ ጨርቁን ቦታው አስገቡት። ይደርሳል? ይተርፋል? የሚታጠፈው የት ነው? መጫኛውን ሁሉ ደርድራችሁ አስቀምጡ። ሙጫ ከተቀባ በኋላ መጽሐፍ ፍለጋ መሮጥ የለም።

የምትሠሩበት ገጽ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሁን። ክዳኑን ስትሠሩ ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ ክዳኑን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። ጎኑን ስትሠሩ ሳጥኑን በጎኑ አቁሙት። ጨርቁ በክብደቱ ወደ ሙጫው ይተኛ እንጂ ከሙጫው አይሽሽ።

ደረጃ 6፦ ማጣበቅ

1. እንዳይነካ የምትፈልጉትን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ።
2. ጨርቁን ወደ ኋላ እጠፉት። ሙጫውን እንጨቱ ላይ ቀቡ። ጨርቁ ላይ አትቀቡ። ጨርቅ ከጠጣ ፊቱ ላይ ያወጣዋል።
3. በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ብቻ ቀቡ። ከስሩ የእንጨቱ መልክ የሚታይ ያህል ስስ ይሁን። ነጭ ሆኖ ከተኛ በዝቷል፤ በካርቶን ጠርዝ ጥረጉት።
4. ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቁ። በጣት ስትነኩት ሳብ ሲያደርግ ዝግጁ ነው።
5. ጨርቁን ሳትጎትቱ አስተኙት። እጃችሁን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከመሃል ወደ ዳር፣ በጸጉሩ አቅጣጫ ዳብሱት።
6. ቀጣዩን ክፍል ቀቡ። እንዲህ እያላችሁ እስከ ጠርዙ ድረስ ሂዱ።

*ጎድጓዳ ቦታ ላይ* ቅደም ተከተሉ ይለያል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። መጀመሪያ ከሁሉ ጥልቁን ቦታ አጣብቁ። እሱ ሲይዝ ወደ ግድግዳው ውጡ፣ ጠርዙ የመጨረሻ ይሁን። ጠርዙን ካስቀደማችሁ ጨርቁ ጉድጓዱ ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። መሣሪያው ሲገባ ወደ ታች ይገፋዋል፣ ጠርዙም ይላቀቃል። ትራምፔትና ክላርኔት ሳጥን ውስጥ ሥራው ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ያለ ጉድጓድ ነው፤ አንዱን ጉድጓድ አድርቃችሁ ወደ ሌላው እለፉ።

*ማጠፊያው ላይ* ጨርቁ ከሳጥኑ ወደ ክዳኑ የሚሻገር ከሆነ ክዳኑን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ አጣብቁት። ክዳኑ ሲከፈት ጨርቁ የበለጠ ርዝመት ይፈልጋል። ዘግታችሁ ወይም ግማሽ ከፍታችሁ ካጣበቃችሁት በመጀመሪያው መክፈት ይነቀላል።

*መሃሉ ብቻ ተነፍቶ ዳር ዳሩ ጠንካራ ከሆነ* አትክፈቱት። ሦስት እጅ ኮላ በአንድ እጅ ውኃ በጥብጡ። ወፍራም መርፌ ባለው ስሪንጅ በጨርቁ ክሮች መሃል ጥቂት ጠብታ አስገቡ፣ ዙሪያውን በጣት አሰራጩ፣ ክብደት ጫኑበት። ይህ ከእጅ መዳፍ ላነሰ ቦታ ነው። ለሰፊ ቦታ ግን ዱቄቱ ከስር ስለሚቀር አይሠራም።

ደረጃ 7፦ መጫንና ማድረቅ

መጀመሪያ ለስላሳ ፎጣ፣ ከዚያ ስስ ፕላስቲክ፣ ከዚያ ክብደት። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ መጻሕፍት ይበቃሉ። ጎድጓዳ ቦታ ላይ የአሸዋ ወይም የሩዝ ከረጢቶቹን አስገቡ፤ የቦታውን ቅርጽ ይይዛሉ። ጠርዙን በካርቶን ቁራጭ ሸፍናችሁ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። መቆንጠጫው በቀጥታ ከነካው ጥርሱ ከፋዩ ላይ ይቀራል።

መሣሪያውን እንደ መጫኛ አትጠቀሙ። "ቦታው የሱ ስለሆነ ልክ ያስይዘዋል" የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ እርጥበቱ ግን ወደ እንጨቱ ይገባል፣ ሙጫው ካመለጠም ቫርኒሹ ላይ ነው የሚያርፈው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ክብደቱን አንሥታችሁ እዩ። የተነሣ ጥግ ካለ ሙጫው ገና ስለሆነ በጣት ይመለሳል። ከዚያ ፕላስቲኩን አውጥታችሁ አየር እንዲያገኝ ፎጣውንና ቀለል ያለ ክብደት ብቻ መልሱበት። 24 ሰዓት ጠብቁ። በፀጉር ማድረቂያ አታፍጥኑት፤ ጨርቁ ይሸበሸባል።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ሙጫ ፊቱ ላይ ወጣ። እርጥብ ከሆነ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አንሡት። አትሹት። ከደረቀ በለብታ ውኃ በትንሹ አርጥባችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ እያላችሁ አላቁት። የማስቲሽ ነጠብጣብ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ ከዚያ በጣት ስታንከባልሉት ተጠቅልሎ ይነሣል።

ጨርቁ አጠረ። ቆይቶ ተኮማትሯል ማለት ነው። አትጎትቱት፤ ዛሬ ቢደርስ ነገ ያላቅቀዋል። ክፍተቱን በጥብጣብ ሸፍኑ፤ ወይም ከትንሿ ዕቃ ማስቀመጫ ሥር ከማይታይ ቦታ ቁራጭ ቆርጣችሁ ሙሉት። ቀለሙ አብሮ ያረጀ ስለሆነ ከአዲስ ጨርቅ ይሻላል።

ጨርቁ ተረፈ፣ ተሸበሸበ። ትርፉን በመዳፍ እየገፋችሁ ወደ ቅርብ ጥግ ውሰዱና እዚያ አንድ እጥፋት አድርጉት። እስኪደርቅ ድረስ መቀስ አታንሡ።

ጨርቁ እጅ ላይ ተቀደደ። ቁሙ። ከተቀደደው በሁሉም በኩል 2 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ስስ የጥጥ ጨርቅ ቁረጡና መጀመሪያ እሱን እንጨቱ ላይ ለጥፉ። ከደረቀ በኋላ የተቀደደውን ከንፈር ለከንፈር አገናኝታችሁ በላዩ አጣብቁ።

የከፋዩ ጸጉር ተጨፍልቆ ቀረ። 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ከሚፈላ ማንቆርቆሪያ በእንፋሎት ነካ አድርጉት። ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ አንሡት። ካውያ አታስነኩት።

ከደረቀ በኋላ እንደገና ወረደ። ወደ ፕላስተሩ ፈተና ተመለሱ። በላዩ ላይ ሙጫ አትጨምሩ።

ደረጃ 8፦ መሣሪያውን ከመመለሳችሁ በፊት

1. ሳጥኑን ለ3 ቀን ክፍት አድርጋችሁ አናፍሱት። ማስቲሽ ከሆነ ለ7 ቀን። ከኮላው የሚወጣው እርጥበት በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሲታመቅ የቫዮሊንን መጋጠሚያ ሊከፍት ይችላል።
2. ባዶውን ሳጥን ማታ ዝጉትና ጠዋት ስትከፍቱት ወዲያው አሽትቱት። ሙጫ ሙጫ ካለ ሁለት ቀን ጨምሩ።
3. የፍሉት ወይም ሌላ በብር የተሠራ መሣሪያ ሳጥን ከሆነ በፈረሰው ፈንታ ሱፍ ወይም ጎማ አትተኩ። ሁለቱም ብርን የሚያጠቁር ሰልፈር አላቸው። የጥጥ ጨርቅ ይሻላል።
4. መሣሪያውን ለአፍታ አስገብታችሁ ልኩን ፈትሹ። ለቫዮሊን፣ ጅማቶቹን በተሸከመው ድልድይ አናት ላይ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ አስቀምጡ፣ አንዱ ጫፉ ወደ ውጭ ይውጣ። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ዝጉና ወረቀቱን ሳቡ። እንደ ልቡ ሊወጣ ይገባል። ያዝ ካደረገው ክዳኑ ድልድዩን እየተጫነ ነው፤ ስፖንጁን አሳንሱ። ለክላርኔትና ሳክስፎን፣ መሣሪያው ቦታው ሲተኛ የትኛውም ቁልፍ ተጭኖ እንዳይቀር እዩ።

ልኩ ደህና ከሆነ መሣሪያውን ወደ ሳጥኑ መልሱ። በመጀመሪያው ሳምንት ሳጥኑን ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ማታ ማታ ክዳኑን ከፍታችሁ ማዕዘኖቹን በጣት መታ መታ አድርጉ። ልል ድምፅ የሰጠ ጥግ ካለ፣ ትንሽ ሳለ በስሪንጅ ይያዛል።